ሰፈሩ የሠራው ክፍል

በአንድ አሮጌ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ የተሰቀለው ታፔላ የትምህርት ቤቱን ስምና የተመሠረተበትን ዓመት ይነግረናል። ከዚያ አያልፍም። ክፍሎቹን ማን እንደ ሠራቸው፣ በማን ገንዘብና መቼ እንደ ቆሙ ማወቅ የፈለገ ሰው ርእሰ መምህሩን ይጠይቃል። ርእሰ መምህሩ በቅርብ ዓመት ተዛውረው የመጡ ናቸውና ወደ መዝገብ ቤት ይመሩታል፤ መዝገብ ቤት ያለው ደግሞ የተማሪ ውጤት ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከግቢው ውጭ፣ በልጅነታቸው ለግንባታው ድንጋይ ያመላለሱ አዛውንት ዘንድ ነው። እኒህ ሰው ሲያልፉ ታሪኩም አብሯቸው ይቀበራል። የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ስመ ጥር የሆኑት ትምህርት ቤቶች እንኳ ስማቸው አልጸናላቸውም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን እንጦጦ ተባለ፤ በ1923 ለሴት ልጆች የተከፈተው እቴጌ መነን የካቲት 12 ሆነ። ሥርዓት ሲለወጥ ታፔላም ይለወጣል። ቤቱ ግን በቦታው ቆሞ ይጠብቃል፤ ለሚያየውም ብዙ ይናገራል።

እስቲ ቀርበን እንየው። የቆየ የሰፈር ትምህርት ቤት ብሎክ ረጅም፣ ጠባብና ባለ አንድ ወለል ነው፤ ሦስት ወይም አራት ክፍል በአንድ መስመር ይደረደርበታል። መሠረቱ ድንጋይ ነው። ከዚያ በላይ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ በቋሚው ላይ ማገር፣ በማገሩ መካከል ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ። ጭቃው ከነጭዱ እንዲብላላ ቀናት ይሰነብታል፤ ሳይበስል የተመረገ እንደሆነ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። መጀመሪያ ምርጊቱ፣ እሱ ሲደርቅ ልስኑ፣ በመጨረሻ ኖራው ይመጣል። ከወለሉ እስከ ሕፃን ልጅ ደረት ያለው ግድግዳ ግን ጠቆር ያለ የዘይት ቀለም ይቀባል፤ እጅ፣ ትከሻና ቦርሳ የሚያርፈው እዚያ ነዋ! ኖራው በተላጠበት ማእዘን ጭዱ ይታያል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ የመራጊው ጣት ያለፈበት መስመር ከነአቅጣጫው ደርቆ ቀርቷል።

በሮቹ ሁሉ ወደ በረንዳው ይከፈታሉ። የቆርቆሮው ጣሪያ ከግድግዳው አልፎ በረንዳውን ይከድናል፤ ጭቃውን ከዝናብ፣ ልጆቹን ከፀሐይ የሚያድነው እሱ ነው። መስኮቶቹ በሁለቱም ወገን ስለሆኑ ነፋስ ይተላለፋል። በደንብ የታሰበበት ክፍል ከሆነ ዋናው ብርሃን የሚገባው ከተማሪው ግራ ነው፤ በቀኝ እጁ የሚጽፍ ልጅ የእጁ ጥላ ደብተሩ ላይ እንዳያርፍበት። መብራት ባልነበረበት ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ሰሌዳው ሲነጣ መምህራን ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰባብረው በውስጡ ባለው ጥቁር ዱቄት መልሰው ያጠቁሩት ነበር። ይህን ሁሉ የሠሩ ሰዎች ስማቸው የትም አልተጻፈም።

ፊደል በየኔታ ደጅና በቁርኣን ቤት ይቆጠርበት ከነበረው ዘመን ተነሥተን በየሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት እስኪቆም ድረስ ረጅም መንገድ ተጉዘናል። በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ ከመሬት ባለይዞታዎች የሚሰበሰበው ገንዘብ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ደነገገ። በ1947 የኢትዮጵያና የስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ አዲስ አበባ ውስጥ ተቋቋመ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ብቻ የሚያሠራ ክፍል ተፈጠረ። አሠራሩ ብልኅ ነበር፦ ቀላል ንድፍ አንድ ጊዜ ይወጣል፣ በብዙ ቦታ ይሠራበታል፣ ወጪውንና ሥራውን የአካባቢው ሰው ይጋራል። ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ ባሕር ዛፍ ያለው ባሕር ዛፍ፣ ምንም የሌለው ጉልበቱን ይዞ ይመጣል። ከተማ ውስጥም እድሩና የሰፈር ሽማግሌው የተሰለፉበት መዋጮ ብዙ ክፍል አቁሟል።

በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ከመኖሪያ ቤቶች አንዳንዶቹ ሕፃናት መዋያና ትምህርት ቤት ሆኑ። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ደግሞ ቀን ልጆች የተቀመጡባቸው ዴስኮች ማታ ለእናቶቻቸው ሆኑ።

ዛሬ እነዚህ ብሎኮች እየፈረሱ በምትካቸው ፎቅ እየተሠራ ነው። አዲሱን ሕንፃ እደግፋለሁ። ክፍል ሲጠብ ልጆች በፈረቃ ይማራሉ፣ ግማሽ ቀናቸው ይባክናል። ምስጥ በበላው ቋሚ የተደገፈ ግድግዳ ሥር ልጅ ማስቀመጥ ወንጀል ነው። አዲስ አበባ ላይ ከ2012 ወዲህ የተጀመረው የተማሪዎች ምገባም ማእድ ቤትና መመገቢያ ይፈልጋል፤ ግቢው ጠባብ ነውና ወደ ላይ መሥራት ግድ ነው። ነገር ግን የአንደኛ ክፍል ሕፃን፣ በተለይም በዊልቸር የሚሄድ ልጅ፣ ሦስተኛ ፎቅ መመደብ የለበትም። ቆርቆሮ የከደነው በረንዳ፣ ከሁለት ወገን የሚገባ ነፋስና ከግራ የሚመጣ ብርሃን ሲሚንቶና መስተዋት ስላገኘን የሚጣሉ አይደሉም። አዲሱን የሚነድፉ ባለሙያዎች አሮጌውን ሳይፈርስ ገብተው ቢያዩት ብዙ ያተርፋሉ።

አንድ ብሎክ ሲፈርስ ቆርቆሮው ይቆጠራል፣ በሩና መስኮቱ በንብረት ክፍል ይመዘገባል፣ አሮጌው እንጨት በጨረታ ይሸጣል። ቤቱን ራሱን የሚመዘግብ ግን የለም። ቅርስ ስንል ዐይናችን ወደ ሐውልት፣ ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ ገዳም ይሄዳል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለን፤ የሰፈር ትምህርት ቤት ግን ወደ ማንም አእምሮ አይመጣም። እኔ በበኩሌ ሰፈሩ በመዋጮ ያቆመው ክፍል ከሐውልት አያንስም ባይ ነኝ።

ቤቱን ለመመዝገብ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ብሎኩ ከመፍረሱ በፊት የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ አንድ ቅዳሜ ይመድብ። የላይኛው ክፍል ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ሜትር ይዘው ክፍሉን ይለኩ፣ ይንደፉ፣ በስልካቸው ፎቶ ያንሡ። አዛውንቶችን ጠይቀው ይመዝግቡ፤ ያዋጡ ሰዎች ዝርዝር ከተገኘ በአዲሱ ሕንፃ መግቢያ ላይ ይጻፍ። ግቢው ከፈቀደም አንድ ብሎክ ታድሶ ቤተ መጻሕፍት ይሁን። የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ብሎኩ ከመፍረሱ በፊት ይህ ሰነድ መዘጋጀቱን ይጠይቅ። እናንተም በሰፈራችሁ ያለው ትምህርት ቤት ሊፈርስ መሆኑን ከሰማችሁ፣ ክረምቱ ሳይገባና ግንበኞቹ ሳይመጡ ሂዱና የመዋጮው መዝገብ በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ።