በጆንያው ውስጥ ያለውን ስለ መናገር

የገበያ ወሬ በሚነገርበት በዚህ ገጽ ላይ ስለ አንዲት ሕፃን ሕመም መጻፌ እንግዳ ነገር መስሎ እንዳይታያችሁ እለምናለሁ። ነገሩ ሲጀምር የቤተሰብ ቢሆንም ሲጨርስ የመጋዘን ሆኖ አግኝቼዋለሁና።

ሴት ልጄ ትዳር ይዛ በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ትኖራለች። የልጅ ልጄ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሲሆናት፥ በአንድ ግብዣ ላይ ከለውዝና ከሰሊጥ የተሠራ ጣፋጭ ቀምሳ ወዲያው ከንፈሯ አበጠ፤ ገላዋ በሽፍታ ተሸፈነ፤ ትንፋሽም አጠራት። ሐኪሞቹ አድሬናሊን ወግተው አተረፏት። ይህ ሕመም አለርጂ የሚባለው ነው፤ ይኸውም ሰውነት ለሌላው ሰው ምንም የማያደርገውን ምግብ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሣበት የሚመጣ ነው። ከሁለቱ እህሎች የጐዳት የትኛው እንደ ሆነ በጊዜው አልተለየም። የደሟም ምርመራ በሁለቱም ላይ ምልክት ስላሳየ፥ ለውዝም ሰሊጥም ተከለከለች። ዕድሜውን በሰሊጥ ንግድ ለፈጀ አያት ይህ ምን ያኽል እንደሚከብድ ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም።

ከዚያ በኋላ እናቲቱ ጽሑፉን ሳታነብ አንድ ዳቦ እንኳ ገዝታ አታውቅም። የአድሬናሊኑም መርፌ ከቦርሳዋ አይለይም ነበር። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ሕግ መሠረት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሰሊጥ በታሸገ ምግብ ላይ በግልጽ ሊጻፉ ከሚገባቸው ምግቦች ዘጠነኛው ሆነ። ለእንዲህ ያሉ እናቶች ዕረፍት ይሆናል ተብሎ ነበር። ነገር ግን አንዳንድ ዳቦ ጋጋሪዎች መሣሪያቸውን ከሰሊጥ ከማጽዳት ይልቅ፥ ቀድሞ ሰሊጥ ባልነበረበት ዳቦ ላይ ጥቂት የሰሊጥ ዱቄት ጨመሩና «ሰሊጥ አለበት» ብለው ጻፉበት። ሕግ ጣሱ የሚላቸው የለም። እኔ ግን ነጋዴ እንደ መሆኔ አፈርሁ።

ልጅቱ አራት ዓመት ሲሞላት ሐኪሙ እንደ ገና እንመርምራት አለ። አስቀድሞ በክንዷ ላይ የየእህሉን ጠብታ አኑረው ቆዳዋን በቀጭን መርፌ ጫር አደረጉና ሩብ ሰዓት ጠበቁ። የለውዙ ቦታ በኃይል አበጠ፤ የሰሊጡ ግን እምብዛም አልነበረም። የቆዳና የደም ምርመራ ምልክት ነው እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ምልክቱ እያለ ምግቡን ያለ ጉዳት የሚበላ ልጅ አለና። ስለዚህ በሌላ ቀን በሐኪም ቤት አልጋ ላይ አስቀምጠው የተፈጨ ሰሊጥ በማንኪያ ጫፍ አቀመሷት። በየሃያው ደቂቃ መጠኑን ከፍ እያደረጉ፥ ትንፋሽዋንና ልቧን እያዳመጡ ቀጠሉ። የመጨረሻውን ከበላች በኋላም ሁለት ሰዓት አቆዩአት። እናቲቱ በዚያ ሁሉ ጊዜ ዐይኗን ከልጅቱ ከንፈር ላይ አላነሣችም። ምንም አልሆነችም።

«አባዬ፥ በላችው እኮ!» ብላ በስልክ ስትጮህ፥ እኔም በዚህ ዕድሜዬ በሠራተኞቼ ፊት አለቀስሁ። ለውዙ ግን ዛሬም ክልክል ነው፤ ሐኪሙ በመብላት ለመፈተን እንኳ አልደፈረም።

በማግስቱ ደውላ፥ «የራሳችንን የሑመራ ሰሊጥ ላክልኝ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ እሺ ስል ጥቂት ዝም አለችና፥ «ግን አባዬ፥ መጋዘኑ ውስጥ ለውዝ አብሮ ያድራል?» ስትል ጠየቀችኝ።

ያድራል። የባቢሌ ለውዝና የሑመራ ሰሊጥ በአንድ ጣራ ሥር ይውላሉ፤ በአንድ ወንፊት ይበጠራሉ፤ ትናንት ለውዝ የነበረበት ጆንያ ዛሬ ሰሊጥ ይሞላበታል። ሐኪሞቹ በስንት ጥንቃቄ የለዩትን እኔ በአንድ ወንፊት መልሼ ስደባልቀው ኖሬአለሁ። ይህን የማደርገው እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገም።

የአውሮፓ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣውና ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ የጸናው ደንብ እንዲጻፉ ከሚያዝዛቸው ዐሥራ አራት ምግቦች መካከል ሰሊጥም ለውዝም አሉበት። ገዢው ስለዚህ ነው ከእኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀን። ከመካከላችን መጋዘኑን ሳይመለከት «ምንም አልተቀላቀለም» ብሎ የሚፈርም አለ። ሌላው ደግሞ ከነገር ለመዳን በሁሉም ላይ «ሊኖርበት ይችላል» ይላል። ሁለተኛው ከፊተኛው ይሻላል፤ ሆኖም ሁሉን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ለእናቲቱ የሚነግራት ነገር ስለሌለ ዕቃውን ትታ ትሄዳለች።

አስመጪዎችም የራሳቸውን ምልክት ሲለጥፉ፥ የምግቡ ይዘት በተጻፈበት ቦታ ላይ ባይለጥፉት መልካም ነው። ባለሱቆችን በሚመለከት፥ ለውዝ የተቀላቀለበትን ቆሎ በሰፈሩበት ስፍር ንጹሑን ገብስ አለመስፈር ከአንድ ትርፍ ስፍር በቀር ወጪ የለውም። ደንበኛ ሲጠይቅም ያላወቁትን አላውቅም ማለት ነውር አይደለም፤ ጠያቂው እንደዚያው ይወስናል።

ለእኛ ለላኪዎች ወጪ እንዳለው አልክድም። ሁለተኛ ማበጠሪያ፥ የተለየ ክፍልና አዲስ ጆንያ ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ ሒሳቡን ሳየው እኔንም ቈጭቶኛል። ስለዚህም ምክር ቤታችን የዘንድሮው ሰሊጥ ከመሰብሰቡ በፊት ላኪዎችን ሰብስቦ፥ እህሉ ከምን ጋር እንዳደረና በምን እንደ ተበጠረ የሚገልጽ አንድ ዓይነት ማረጋገጫ እንድንስማማበት እንዲያደርግ እጠይቃለሁ።

ለልጄ ሰሊጡን ገና አልላክሁላትም። አዲሱን ማበጠሪያ አዝዤአለሁ፤ ለውዝ ሳይነካው የሚወጣው የመጀመሪያው ጆንያ የእርሷ ነው።