በተራራ ላይ ሐኪም እስኪገኝ

በሰንበት ቀን ከከተማ ወጥቶ በእግር ተራራ መውጣት ዛሬ በአዲስ አበባ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ሆኗል። አንዳንዱ በሰበታ በኩል ወደ ወጨጫና ወደ መናገሻ ሱባ ደን፥ አንዳንዱ በቡራዩ በኩል ወደ ገፈርሳ፥ አንዳንዱም እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ይሄዳል። አየሩ ለጤና እጅግ መልካም ነው። ነገር ግን የወጨጫ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3300 ሜትር ያልፋልና በዚያ ሰው ቢወድቅ ሐኪም በአጠገቡ አይገኝም።

እኛም ይህን የተረዳነው በጥፋታችን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጃችን በወጨጫ ቍልቍለት አዳልጦት ወደቀና ቅልጥሙ ተሰበረ። በርኅራኄ ተቻኵለን ደግፈን አቆምነው፤ ከዚያም እግሩ እንደ ተንጠለጠለ በበቅሎ ላይ አስቀመጥነው። መንገዱን ሁሉ ይጮኽ ነበር። ሐኪሙም አይተው፥ አጥንቱ ሥጋውን የቀደደው በወደቀ ጊዜ ሳይሆን ባነሣችሁት ጊዜ ነው አሉን። ወዳጃችን እስከ ዛሬ ያነክሳል። አንድም ቀን አልወቀሰንም፤ ይህም ይብስብናል።

ስለዚህ ዘንድሮ ከተራራ ተጓዦች ጋራ ሆነን የመጀመሪያ ርዳታ ለመማር በሱሉልታ ሁለት ቀን ተቀመጥን። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቁሞ ወዲያው በጦርነቱ ጊዜ ቍስለኞችን ረድቷል።

ያስደነቀን መሣሪያው ከቤታችን የማይጠፋ መሆኑ ነው። ነጠላ በሦስት ማዕዘን ሲታጠፍ ለተሰበረ ክንድ ማንጠልጠያ ይሆናል። ለተሰበረ ቅልጥም ሁለት ቀጥ ያሉ በትሮች ከጕልበት በላይ ጀምረው ከቍርጭምጭሚት በታች እንዲደርሱ አድርጎ፥ በመካከል ጨርቅ አግብቶ፥ በመቀነት ማሰር ነው፤ ከታሰረም በኋላ ጣቶቹ እንዳይቀዘቅዙ መመልከት ይገባል። ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፥ ቆመ አልቆመም እያሉም ደጋግሞ አለመግለጥ። ቡና ወይም አፈር በቍስል ላይ መነስነስ ግን ይቅር (እናቶቻችን ይቈጡን ይሆናል)። እባብ የነደፈውን ሰው መብጣት፥ ደሙን መምጠጥ፥ በገመድ አጥብቆ ማሰር ሁሉ ጕዳት ነው፤ ሳያራምዱ በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ሐኪም ማድረስ እንጂ።

ብርድ ለመታው ሰውም አረቄ የሚያሞቀው ይመስላል እንጂ የሰውነቱን ሙቀት ያባክንበታል። እርጥብ ልብሱን አውልቆ በደረቅ ጋቢ መጠቅለል፥ ከበታቹም ሣር መጐዝጐዝ ይሻላል። ይህን ሲሰሙ አብረውን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ኮዳቸውን ቀስ ብለው ወደ ከረጢታቸው መለሱ።

ከተመለስን በኋላ ለወዳጃችን ነገሩን ሁሉ አጫወትነው። ሁለት በትር አስመጣና በዚያው እግሩ ላይ እንድናስርለት ለመነን። አሰርንለት። ጥቂት ዝም ብሎ ተመለከተውና፥ «ለካ ይህን ያህል ቀላል ነበር» አለ።