ሳይቆጥሩ መዝረፍ

መርካቶ ውስጥ ከሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ማታ ማታ ጃዝ የሚለማመዱ ጓደኞቻችን ሁለት ጎራ ፈጥረዋል። አንደኛው «ጃዝ ከልብ ይፈልቃል እንጂ አይቆጠርም» ይላል። ሌላው ከአሜሪካ መጽሐፍ የተገለበጠ ወረቀት ይዞ፣ ሁለተኛ ኮርድ፣ አምስተኛ ኮርድ፣ አንደኛ ኮርድ እያለ ትዝታውንም አንቺሆዬውንም በአንድ ወንፊት ይነፋል። ሁለቱንም እንቃወማለን!

እናንተ «ከልብ» ባዮች፣ የቅኔ ተማሪ እኮ መጀመሪያ ይቆጥራል፣ ከዚያ ይዘርፋል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ልኩን የሳተ ተማሪ «ስሜቴ ነው» ብሎ ከመምህሩ አያመልጥም። የመርካቶ ነጋዴስ ዋጋውን እንዳሻው ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ዕቃው የመጣበትን ስለሚያውቅ አይደለም እንዴ? ሳይቆጥር የሚዘርፍማ እዚህ ሰፈር ሌላ ስም አለው።

ወደ ወረቀት አምላኪዎቹ እንምጣ። ከዶ ስንነሳ አምስተኛው ኮርድ ሶል–ሲ–ሬ–ፋ ነው። ወደ ዶ የሚገፋው የፋና የሲ ግጭት ነው። ትዝታ ሜጀር ግን ዶ–ሬ–ሚ–ሶል–ላ ነው፤ ፋም የለው፣ ሲም የለው። ግፊቱን ስታስገቡ ትዝታውን አስወጣችሁት ማለት ነው። አንቺሆዬ ላይ ይብሳል፤ ዶ–ሬ ፍላት–ፋ–ሶል ፍላት–ላ ውስጥ ከአራቱ የኮርዱ ድምፆች የሚገኘው ፋ ብቻ ነው። ኧረ ምን ዓይነት ድፍረት ነው!

ትንተና ይቅር አላልንም፤ ከቅኝቱ ይጀምር ነው ያልነው። አንቺሆዬን ራሱን ፈታችሁ እዩት። ፋ–ላ–ዶ ሜጀር ኮርድ ይሰጣል፤ ሶል ፍላት–ላ–ሬ ፍላት ደግሞ ማይነር። መነሻቸው የሚራራቀው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ባሱ በሁለቱ መካከል ይመላለስ፣ ሳክስፎኑም ከአምስቱ ድምፆች ሳይወጣ የፈለገውን ይዝረፍ። ይህን አንድ ሳምንት ሞክሩና ከዚያ ስደቡን። ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን በርክሊ ገብቶ የምዕራቡን ኮርድ ተምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ሸክላ ሲያስቀርጽ ግን ቅኝቱን ጥሎ አልሄደም። ኮርዱ የቅኝቱን ቀለም እንዳይውጠው መጠንቀቅ የሥራው ዋና ጉዳይ ሆኖ ኖሯል።

እንግዲህ ከዚያ የተገለበጠ ወረቀት ጎን አራቱ ቅኝቶች ግድግዳው ላይ ይለጠፉ። ባቲ ሜጀር፣ ዶ–ሚ–ፋ–ሶል–ሲ፣ ፋንም ሲንም ይዟልና የወረቀቱ ጎራ እዚያ ላይ ሊሞግተን ይችል ይሆናል። ይምጣ፣ ኪቦርዱ ክፍት ነው።