ዓሣው ትንሽ ይቆየን

በሳይንስ ክበባችን ሰሞኑን የተነሣው ክርክር ለብዙዎቻችሁ ተራ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። የዓሣ ማኖሪያው መስታወት፣ ማለትም አኳሪየሙ፣ መጥቷል። 60 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ ማጣሪያውና የአየር መንፊያውም አብሮ አለ። አብዛኛው የክበቡ አባል ታዲያ «ለክበባት ቀን እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ዓሣ ይግባበት» ይላል። «ዓሣ ውሃ ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል?» የሚልም አልጠፋም። እኔ በበኩሌ አልስማማም። መስታወቱ ለአምስትና ለስድስት ሳምንት ያህል ያለ ዓሣ ይቆይ፤ ያውም አሞንያ እየተጨመረበት እላለሁ። ይህን ስል የሚስቅብኝ እንዳለ አውቃለሁ፤ እስቲ ጨርሳችሁ አንብቡኝ።

ዓሣ ከሰውነቱ የሚያስወግደው ቆሻሻ በአብዛኛው አሞንያ ነው። እሱም የሚወጣው በሚተነፍስበት በስንጥቡ በኩል ነው። ሀዋሳ ሐይቅ ውስጥ ያለ ቆሮሶ በዚህ አይቸገርም፤ ውሃው ሰፊ ነው፣ በጭቃውና በድንጋዩ ላይም አሞንያን የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ሞልተዋል። አዲስ በታጠበ መስታወት ውስጥ ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች ገና አልተራቡም። ዓሣው የራሱ ቆሻሻ ይመርዘዋል ማለት ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ውሃው ኩልል ብሎ እያየነው ነው። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ሲዘጋ አንዱ «ራበው» ይላል፣ ሌላው «በርዶት ነው» ይላል፣ በማግሥቱ ተገልብጦ ይገኛል።

አሞንያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። ናይትራይትም ቢሆን መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ቀጥሎ ናይትራይቱ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትሬት ብዙ ካልተከማቸ ያን ያህል አይጎዳም፣ ውሃ በመቀየርም ይቀነሳል። ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እነዚህን ባክቴሪያዎች ያጠናው እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ነው። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለቱንም ሥራ ብቻውን የሚሠራ ናይትሮስፒራ የሚባል ባክቴሪያ መኖሩ ተረጋግጧል። ለፈተና ብለን በቀስት እየሣልን የሸመደድነው የናይትሮጅን ዑደት ማለት ይኸው ነው። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያም አፈር ውስጥ የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ነው። እዚህ በዓይናችን ልናየው ስንችል በዓሣ ልንጋርደው ነው እንዴ?

ሥራው ከባድ አይደለም። ለቤት ጽዳት የሚሸጠው አሞንያ ሽቶም ሆነ ሳሙና የሌለበት መሆን አለበት። ጠርሙሱን ወዝወዝ አድርጋችሁ አረፋው ቶሎ ካልጠፋ ሳሙና አለበትና ተዉት። 10 በመቶ የሆነው ዓይነት ከተገኘ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ከ1 ሚሊ ሊትር ትንሽ አለፍ አድርጎ መጨመር የ60 ሊትሩን ውሃ በሊትር ወደ 2 ሚሊ ግራም ያደርሰዋል። የቧንቧው ክሎሪን ባክቴሪያ ስለሚገድል ውሃው አስቀድሞ በሰፊ ባልዲ ክፍቱን ይደር። የአየር መንፊያውም ሌት ተቀን ይሥራ፤ ባክቴሪያዎቹ ያለ ኦክስጅን አይሠሩም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም የተለወጠ ነገር አይታይም፤ ተስፋ የሚያስቆርጠውም ያን ጊዜ ነው። ከዚያ አሞንያው ሲወርድ ናይትራይቱ ይወጣል፤ አሞንያው ባለቀ ቁጥር ይጨመራል። በመጨረሻ ዛሬ የጨመርነው አሞንያ በ24 ሰዓት ውስጥ ከነናይትራይቱ ዜሮ ሆኖ ከተገኘ፣ አብዛኛውን ውሃ ቀይሮ ዓሣ ማስገባት ነው።

አደራ የምለው ግን አንድ ነገር አለ። አሞንያና በረኪና ፈጽሞ አይገናኙ፤ ሲደባለቁ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ጠርሙሱ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቆልፎበት ቢቀመጥ መልካም ነው፣ መምህሮቻችን ይህን ቢያስቡበት።

አሞንያ ካልተገኘ ቆንጠር አድርጎ የዓሣ ምግብ ጣል ማድረግም ይቻላል፤ ሲበሰብስ አሞንያ ይሰጣል። ይሸታል እንጂ፣ ልኩም በውል አይታወቅም።

«ሁለት ጠንካራ ዓሣ እናስቀድም፤ ቢሞቱም ይተካሉ» ያለው ጓደኛችን መንገዱ አዲስ አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ባክቴሪያውም በዚህ መንገድ ይራባል፣ ይህን አልክድም። ግን ነገ የምንመደበው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ጠዋት ጠዋት ዓሣውን እየቆጠረ ነው ክፍል የሚገባው። አንዱ የጎደለ ዕለት «የት ሄደ?» ሲለን ምን ልንለው ነው? «ውሃውን ለማዘጋጀት ነበር የገባው» እንበለው? ሕይወት ያለውን ነገር እንዲንከባከብ የምናስተምረው ልጅ ፊት ይህን ለመናገር እኔ አፌ አይታዘዝልኝም።

እንግዶቹም ቢሆኑ ባዶ መስታወት አይተው አያልፉም፤ አጠገቡ የየዕለቱ ልኬት በቀለም ተሥሎ ይለጠፍ። ዓሣ እኮ ሁሉም አይቷል፤ አሞንያ ሲወርድ ናይትራይት ሲወጣ በሥዕል ያየ ግን ስንት ነው?

እንግዲህ ከክበቡ ገንዘብ ባለ ቀለሙ ጠጠር ከመገዛቱ በፊት የውሃ መመርመሪያው ጠብታ ይገዛ፤ ያለ እሱ ሁሉም ግምት ነው። በየቀኑ የሚለካና የሚመዘግብ ተረኛም ያስፈልጋል። ሰኞንና ሐሙስን እኔ እይዛለሁ። የቀሩትን ቀናት የምትወስዱ ከዚህ ወረቀት ግርጌ ስማችሁን ጻፉ።