ፈተናው ቀረ፤ ኃላፊነቱስ?

ከአውቶሞቢል በስተኋላ የተሳቢ ማያያዣ መግጠም ለተመልካች ቀላል ነገር ይመስላል። አንድ ወፍራም ብረት፣ ጥቂት ብሎንና ዳዶ፣ አንድ የመብራት ገመድ ብቻ ነውና። ይሁን እንጂ በእንግሊዝ አገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነገር እስከ ፓርላማ ደርሶ አከራክሯል። ነገሩ ለአስተዳደር ሰዎችም ትምህርት ስላለበት ባጭሩ እንመልከተው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በዚያ አገር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1997 ጀምሮ ተፈትኖ የመንጃ ፈቃድ ያገኘ ሰው ከ750 ኪሎ የሚበልጥ ተሳቢ ለመጎተት ሲፈልግ፣ የመኪናውና የተሳቢው ድምር ክብደት ከ3,500 ኪሎ ካለፈ ሌላ ፈተና ማለፍ ነበረበት። በ2021 ግን የከባድ መኪና ነጂ ጠፋ፤ ሸቀጥን በጊዜው ለገበያ ማድረስ አስቸገረ። መንግሥቱም ፈታኞቹ ጊዜያቸውን ለከባድ መኪና ነጂዎች እንዲያውሉ በማሰብ ከዲሴምበር 16 ቀን 2021 ጀምሮ የተሳቢውን ፈተና አስቀረ። ከዚያ ወዲህ የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ፣ መኪናው የሚችል እስከ ሆነ ድረስ፣ እስከ 3,500 ኪሎ የሚደርስ ተሳቢ መጎተት ተፈቅዶለታል።

ለመንገድ ደኅንነት የሚሟገቱ ወገኖች ውሳኔውን ነቅፈዋል። መንግሥቱ በበኩሉ ነጂዎች በፈቃዳቸው እንዲሠለጥኑ መክሯል። የሁለቱንም ሐሳብ ለመመዘን አስቀድሞ ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ማያያዣውን ባለቤቱ ራሱ በቤቱ ቢገጥም ሕግ አይከለክለውም። ሆኖም ከኦገስት 1 ቀን 1998 ወዲህ ሥራ በጀመረ መኪና ላይ የሚገጠመው ማያያዣ ለዚያው መኪና ዓይነት ተመርምሮ የጸደቀ መሆን አለበት። ብሎኖቹ የሚታሰሩት የመኪናው ፋብሪካ በወሰነው ቦታ ላይ ነው፤ የሚጠብቁትም በጉልበት ግምት ሳይሆን፣ በመመሪያው በተጻፈው ቁጥር መሠረት በመለኪያ ቁልፍ ነው። ጥቂት መንገድ ከተሄደ በኋላም ተመልሶ መፈተሽ ይገባል። የተሳቢው ፍሬቻና የፍሬን መብራት ከመኪናው ጋር አብሮ መሥራት አለበት።

ጭነቱም የራሱ ደንብ አለው። ከኋላ ያመዘነ ተሳቢ በፍጥነት ጊዜ እንደ እባብ እየተጥመዘመዘ መኪናውን ይዞ ይገለበጣል። ስለዚህ ከተሳቢው ክብደት ከመቶ 5 እስከ 7 ያህሉ በማያያዣው ላይ እንዲያርፍ ይመከራል። ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ያስፈልገዋል፤ ከመኪናው ቢለያይ ፍሬኑን የሚስብ ገመድም ይታሰርለታል።

ይህ ሁሉ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም። በ2014 በብሪስቶል ከተማ ከመኪናው የተላቀቀ ተሳቢ በእግረኛ መንገድ ላይ የነበረ የሦስት ዓመት ሕፃን ገድሏል። ስለ ተሳቢዎች የሚደነግገው የ2018 ሕግ በፓርላማ ሲመከርበትም የተሳቢ ደኅንነት ነገር ተነሥቷል።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? መንግሥቱ የነጂ እጥረት በቸገረው ጊዜ መላ መፈለጉ አይነቀፍም፤ ገበያ ባዶ ሲሆን የሚጎዳው ድኃው ነውና። ዳሩ ግን ፈተናው ሲቀር ፈተናው ይጠብቀው የነበረው አደጋ አብሮ አልቀረም። ተሳቢን ፈትቶ መልሶ ማያያዝና ወደ ኋላ መንዳት በፈታኝ ፊት ይታዩ ነበር። ዛሬ ያንን የሚያይ ዓይን የነጂው የራሱ ኅሊና ብቻ ሆኗል። የሚጠነቀቀው ሰው ያለ ፈተናም ይጠነቀቃል፤ ፈተናው የተሠራው ግን ለማይጠነቀቀው ነበር።

ነገ በጽሕፈት ቤት ተቀምጣችሁ ደንብ የምታወጡና የምትሽሩ ወጣቶች ይህን አስተውሉ። አንድ ቁጥጥር ሲያሰለች ወይም ጊዜ ሲወስድ መሻሩ ቀላል ነው። ከመሻሩ በፊት ግን «ይህ ሥራ ከእኛ እጅ ሲወጣ በማን እጅ ይገባል? ያስ ሰው ተዘጋጅቷልን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የፈሰሰው እህል ሲሆን ይለቀማል፤ የሰው ሕይወት ግን አይለቀምም።