«ሲስተም የለም»፦ በአንድ ዲስክ ላይ የተንጠለጠለ ወረዳ

መብራት ሄዶ ተመለሰ። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አበራ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ ከላይ ጥግ ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቻ አለ፣ መነሻ ዲስክ አልተገኘም የሚል። በር ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተው በእግራቸው የመጡ እናት ቆመዋል። የሟች ባለቤታቸውን መሬት ወደ ስማቸው ሊያዞሩ ነው፤ ፍርድ ቤት ማስረጃ አምጡ ብሏቸዋል። መልሱን አገር ያውቀዋል፦ «ሲስተም የለም እማማ፤ ሳምንት ይመለሱ።»

የየትኛው ወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። ከባንክ መስኮት እስከ ቀበሌ መታወቂያ ክፍል ይህን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። የሚያናድደው «ሲስተም» እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚመጣና የሚቀር ነገር ተደርጎ መወራቱ ነው። ሲስተም ዝናብ አይደለም። ሲስተም ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ሳጥን ነው፤ ውስጡ ዲስክ አለ። ዲስኩ አንድ ብቻ እንዲሆን የወሰነ ሰው አለ፤ የግዥ ዝርዝሩን ያዘጋጀ፣ የፈረመ፣ ዕቃውን ተረክቦ «በትክክል ገቢ ሆኗል» ብሎ ማኅተም የመታ ሰው።

ራቤልን እንውሰድ። የግሼ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፣ በሰሜን ሸዋ ዞን ሰሜናዊ ጫፍ፣ ወደ ወሎ በሚያመለክተው ደጋ ላይ። እንደ ራቤል ባለ ከተማ አንድ ኮምፒውተር አልነሣ ቢል፣ ዲስክ የሚሸጥ ሱቅና ከሞተ ዲስክ ላይ መረጃ የሚያወጣ ባለሙያ ቅርብ አይደለም። ወይ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወይ እስከ ዞኑ ከተማ ደብረ ብርሃን፣ ብዙ ጊዜም እስከ አዲስ አበባ ይኬዳል። መንገዱ ሰላም ከሆነ ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ የግማሽ ቀን ብልሽት የሆነው እዚያ የወር ብልሽት ይሆናል። እንግዲህ ሁለት ዲስክ ለማን ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው? ጎረቤቱ ኮምፒውተር ቤት ለሆነለት መሥሪያ ቤት ወይስ ለራቤል? የግዥ ዝርዝሮቻችን ግን ተገላቢጦሽ ናቸው። መንታ ዲስክና ጄኔሬተር ለማዕከሉ፣ አንድ ዲስክና አንድ ስታቢላይዘር ለወረዳው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ፊልምና ዘፈን ቢሆን ይህን ያህል ባልተባለ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ሲመዘገብ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የሰፈረበት ደብተር ለአርሶ አደሩ ተሰጥቷል። ለሴቶች ትልቅ ነገር ነበር። ቀጥሎ በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ማሳው በካርታ ተለክቶ ወደ ኮምፒውተር ገባ። ከዚያ ወዲህ ያለው ውርስ፣ ስጦታ፣ ኪራይና ልውውጥ ሁሉ የሚመዘገበው እዚያው ነው። እቤት ሳጥን ውስጥ የተጠቀለለው ደብተር የትናንቱን ይናገራል፤ የዛሬውን የሚያውቀው ዲስኩ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ ነበር አባቶች። በአንድ ዲስክ ያለው ምን እንደሚሆን አልነገሩንም፤ አላዩትምና።

ዲስክ ይሞታል። በሺዎች የሚቆጠሩ ዲስኮችን በአንድ ላይ የሚያሠሩ ትልልቅ ኩባንያዎች የሚያወጡት አኀዝ ከ100 ዲስክ በዓመት አንድ ወይም ሁለት እንደሚበላሽ ያሳያል። ያውም መብራት በማይቋረጥበት፣ አቧራ በሌለበት፣ በቀዘቀዘ አዳራሽ ውስጥ። በእኛ ደጋ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፣ በግዥ ስብሰባ ላይ ማንም የማያነሣው። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ራሱ ከሳህኑ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው። አየሩ ከሳሳ ራሱ ወደ ሳህኑ ይጠጋል፣ ሊነካውም ይችላል። ስለዚህም አምራቾች ለተለመዱት ዲስኮች የከፍታ ወሰን ይጽፋሉ፤ ብዙውን ጊዜ 3,048 ሜትር፣ ማለትም 10,000 ጫማ። የመንዙ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ደጋ ላይ ላለ ቢሮ የሚሽከረከር ዲስክ የሚገዛ ሰው፣ አምራቹ ራሱ «ከዚህ በላይ አልዋስም» ያለውን ዕቃ ነው የሚገዛው። የማይሽከረከረው፣ ኤስኤስዲ የሚባለው፣ እንዲህ ያለ ችግር የለበትም። እሱም ግን ይሞታል፤ ሲሞት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳያቃስት ነው።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርት ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ሬይድ የሚለውን ስም ያወጣውን ጥናት አሳተሙ። በስሙ ውስጥ ካሉት ፊደላት አንዱ መጀመሪያ የቆመው «ርካሽ» ለሚለው ቃል ነበር። ሐሳቡ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አጣምሮ አንድ ውድ ዲስክ የማይሰጠውን ማግኘት ነው። በኋላ ሻጮቹ «ርካሽ» የሚለውን አውጥተው «ራሱን የቻለ» በሚል ተኩት፤ ለምን እንደሆነ ነጋዴ የሆነ ሁሉ ይገባዋል። ከዓይነቶቹ ቀላሉ ሬይድ አንድ ነው፣ መንታው። የሚጻፈው ሁሉ በሁለት ዲስክ ላይ እኩል ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ሊኑክስ ይህን በራሱ ውስጥ ይዞታል። ኤምዲአድም የተባለው ማስተዳደሪያ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ አለ፤ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ልዩ ካርድም አይፈልግም።

ካርድ የሚለው ነገር ቆም ብሎ መነጋገር ይፈልጋል። ጨረታ ላይ «ሬይድ ያለው ሰርቨር» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ለብቻው የተሠራ የሬይድ ካርድ የተገጠመለት ውድ ሳጥን ነው። በማዕከል ያለ የመረጃ ቋት ውስጥ ጥሩ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ራቤል ላይ ግን ወጥመድ ነው። ካርዱ ራሱ ሲቃጠል፣ ሁለቱም ዲስኮች ደህና ሆነው ሳሉ፣ የሚያነባቸው ያን ዓይነት ካርድ ወይም የቅርብ ዘመዱ ብቻ ይሆናል። ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ ደግሞ አለቀ። በሊኑክስ የተሠራውን መንታ ግን አንዱን ዲስክ ነቅሎ በሌላ ተራ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ፣ ከፍላሽ ሊኑክስ አስነሥቶ ማንበብ ይቻላል። የአስተማሪው ላፕቶፕ ይበቃል። የሁለተኛው ዲስክ ዋጋ ከሳጥኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ስለዚህ «በጀት የለም» የሚለው መልስ አይሠራም፤ የጠፋው ሐሳቡ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ባለሙያዎቹ። ከተራው ሹም ይልቅ የሚወቀሱት እነርሱ ናቸው፤ ስለሚያውቁ። መንታ አቋቁመናል የሚሉ ብዙዎች ያቋቋሙት ግማሹን ነው። መረጃው በሁለቱም ዲስክ ላይ አለ፤ ማሽኑን የሚያስነሣው ትንሽ ፕሮግራም ግን በአንዱ ላይ ብቻ ነው። ያ ዲስክ የሞተ ቀን ሁለተኛው ሙሉ መረጃውን ታቅፎ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ማሽኑም አይነሣም። በር ላይ ለቆሙት እናት ልዩነቱ ምንድን ነው? ያው «ሲስተም የለም» ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የማሽኑ የራሱ ፕሮግራም ስለ ሊኑክስ መንታ ምንም አያውቅም። በድሮው ባዮስ በሚሠራ ማሽን ላይ ግራብ የተባለው አስነሺ በአንደኛውም በሁለተኛውም ዲስክ ላይ መጫን አለበት፤ የደቢያን ጫኚ ግን የት ልጫን ብሎ አንዱን አስመርጦ ያልፋል፤ ሁለተኛውን ባለሙያው ራሱ ተመልሶ መጫን ይኖርበታል። በአዲሱ ዩኢኤፍአይ ደግሞ የመነሻው ክፍል ማሽኑ በቀላሉ የሚያነበው ተራ ክፍልፋይ መሆን ስላለበት እንደሌላው ወደ መንታው አይገባም። በየዲስኩ ላይ አንድ አንድ የመነሻ ክፍል ማበጀት፣ ይዘቱን መገልበጥ፣ ሁለተኛውንም በማሽኑ የመነሻ ዝርዝር ውስጥ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ግራብ በታደሰ ቁጥር ቅጂውም ይታደሳል። የኡቡንቱ ሰርቨር ጫኚ ከአንድ በላይ የመነሻ ዲስክ ለመምረጥ ያስችላል፤ ተመስገን ነው፤ መምረጡ ግን የሰው ሥራ ነው።

ሌሎች ሁለት ጉድጓዶችም አሉ። ስዋፕ ከመንታው ውጭ በአንዱ ዲስክ ላይ ብቻ ከተተወ፣ ያ ዲስክ ሲሞት በሥራ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች አብረው ይወድቃሉ። እንዲሁም ሲነሣ የሚከፈቱት ክፍሎች ዝርዝር ውስጥ የሞተው ዲስክ የመነሻ ክፍል «ግዴታ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ሊኑክስ እሱን ሲጠብቅ ቆይቶ በአደጋ ጊዜ ሁኔታ ውስጥ ይቆማል። «ባይገኝም ቀጥል» የምትል አንዲት ቃል መጨመር ይበቃ ነበር።

ዝምታውም ይገድላል። መንታ አንዱ ክንፉ ሲሰበር ማሽኑ እንደ ወትሮው ይሠራል፤ ማንም ምንም አያይም። ኤምዲአድም ብልሽት ሲያይ ኢሜይል ለመላክ ይችላል፤ ኢንተርኔት በሌለበት ወረዳ ግን ኢሜይሉ እዚያው ሳጥን ውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ መልእክቱ ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው በሚያየው ስክሪን ላይ፣ በአማርኛ፣ በቀይ መውጣት አለበት። አለበለዚያ የመጀመሪያው ዲስክ መሞት የሚታወቀው ሁለተኛው ሲሞት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ክላውድ ላይ ይቀመጥ» የሚሉ አሉ፤ አብዛኞቹ ቦሌ ካፌ ተቀምጠው ነው የሚሉት። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት እንደተዘጋ ቆየ። በእነዚያ ወራት መረጃው ደመና ላይ ብቻ የነበረ ሰው ሰማዩን ሲያይ ነው የከረመው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ መልካም ነገር ብዙ ይናገራል። መስመር በተቆረጠ ማግስት ግን አገልግሎት የሚሰጠው እዚያው ጠረጴዛ ሥር ያለው ሳጥን ብቻ ነው። ደመናው ተጨማሪ ቅጂ ይሁን፤ መሠረት ግን አይሆንም።

በሌላ በኩል «መንታ ካለን ባክአፕ አያስፈልገንም» የሚሉትም ይሳሳታሉ፤ ምናልባት ከሁሉ ይበልጥ አደገኛዎቹ እነርሱ ናቸው። መንታ ስሕተትንም ይደግማል። ሠራተኛው በስሕተት የሰረዘው ፋይል ከሁለቱም ዲስክ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። መብረቅ፣ እሳት፣ ሌባ ሁለቱን አይለያይም። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ሲዘልቅ፣ ቀደም ብሎም ደሴ ላይ፣ ምን እንደሆነ አንባቢ ያስታውሳል። የደሴ ሆስፒታልና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፈዋል። ሳጥኑ በሙሉ ሲጫን በውስጡ ስንት ዲስክ እንዳለ ማን ይጠይቃል?

ለዚህ ከውጭ ምሳሌ መበደር አያስፈልግም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የብራና መጻሕፍቶቻችንን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። መንዝና ግሼ አውራጃን ጨምሮ ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ። ፊልሙ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ሄደ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ለአሥርት ዓመታት ያን ፊልም እያገላበጡ ምን ምን እንዳለ መዘገቡልን። አንድ ቅጂ እዚህ፣ አንድ ቅጂ እዚያ፣ ዋናው በየቤተ ክርስቲያኑ። ኮምፒውተር በአገሩ ብርቅ በነበረበት ዘመን የታሰበበት ነገር ነው። ዛሬ የአንድ ወረዳ የመሬት መዝገብ በኪስ በምትያዝ ዲስክ ላይ ሊገለበጥ ይችላል፤ በየሳምንቱ ተቆልፎ፣ በምስጢር ቁልፍ ታስሮ፣ አንዱ ወደ ሌላ ሕንፃ፣ አንዱ ወደ ደብረ ብርሃን ሊላክ ይችላል። የሚጠይቀው አንድ ፖስታና አንድ ፊርማ ነው።

የሚያስፈልገው አዲስ ፖሊሲ ሳይሆን በግዥ ዝርዝሩ ላይ ጥቂት መስመር ነው። ለወረዳ መዝገብ የሚገዛ ማሽን ሁለት ዲስክ ይኑረው፤ ከተቻለ ከተለያየ አምራች፣ ቢያንስ ከተለያየ ካርቶን፣ በአንድ ቀን የተወለዱ በአንድ ሰሞን ሊሞቱ ስለሚችሉ። ለደጋው ኤስኤስዲ ይሁን። ከዚያ በርክክብ ቀን፣ ኮሚቴው ለስላሳውን ከመክፈቱ በፊት፣ አቅራቢው ማሽኑን አጥፍቶ አንደኛውን ዲስክ ይንቀል። ያብራው። ከተነሣ መልሶ ይስካው፣ መንታው እስኪመሳሰል ይጠበቅ፤ አንድ ቴራባይት ቢሆን በሰከንድ 100 ሜጋባይት ሲሄድ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ምሳ ይበላበታል። ከምሳ በኋላ ሁለተኛውን ይንቀል። እንደገና ያብራው። በሁለቱም ጊዜ የመሬት መዝገቡ ተከፍቶ የአንድ ማሳ ካርታ በስክሪኑ ላይ ከታየ ማኅተሙ ይመታ። ካልታየ ዕቃው ወደመጣበት መኪና ይመለስ።