ለመሆኑ ኮከብ አዳራሽ ሞልቶ ያውቃል?

ባለፈው እትማችን አንድ ወንድማችን «የአማርኛ ፊልም ገበያ የቀዘቀዘው ኮከብ ስላጣ ነው፤ ስሙ ብቻውን ሕዝብ የሚጠራ ተዋናይ ቢኖረን ሲኒማ ቤቶቻችን እንደ ድሮው ይሞሉ ነበር» የሚል አቋም ይዞ ብቅ ብሏል። ጽሑፉ ተነቧል፤ በየሻይ ቤቱም ብዙ ሰው «እውነቱን ነው» ብሎለታል። እኔ አልልም። የማልለውም ለክርክር ያህል አይደለም። ይህ አስተሳሰብ ሥር ከሰደደ፣ ነገ ከመካከላችን ፊልም ልሥራ ብሎ የሚነሳ ልጅ ያለችውን ጥሪት ድርሰት ላይ ሳይሆን ፊት ላይ አፍስሷት ይቀራል። ደብረ ብርሃንና አንኮበርም እንደ ለመዱት የአዲስ አበባን ፖስተር በሩቅ እያዩ ይኖራሉ።

በመጀመሪያ፣ ኮከብ የሚባለው ነገር ከሰማይ አልወረደም፤ የነጋዴ ፈጠራ ነው። በአሜሪካ መጀመሪያ አካባቢ የፊልም ኩባንያዎች የተዋናዮቻቸውን ስም ይደብቁ ነበር። ስማቸው ከታወቀ ደሞዝ ጨምሩ ይላሉ ብለው ነዋ! በፈረንጆች 1910 ካርል ሌምል የሚባል ብልጥ ነጋዴ ፍሎረንስ ሎረንስን ከተፎካካሪው ድርጅት አስኮበለላት። ወዲያው የመሞቷ ወሬ ተነዛ፤ ሰውየው ደግሞ «ውሸት ነው፣ በሕይወት አለች!» የሚል ማስታወቂያ በጋዜጣ አወጣና ሴንት ሉዊስ ከተማ ወስዶ ለሕዝብ አሳያት። ሕዝቡም ከሞት የተነሳች ያህል ተጋፍቶ ተቀበላት። የመጀመሪያዋ የፊልም ኮከብ የተወለደችው እንግዲህ በወሬ ነው። ወንድማችን «ይምጣልን» እያለ የሚለምነው ይኸንን ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። ሲኒማ ቤት በስም እንኳ በማይታወቅበት ገጠር ከማንም ይልቅ የገነነው አርቲስት ማን ነበር? ወጋየሁ ንጋቱ አይደለም እንዴ? የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርከው ሰው አንዲት ሬዲዮ ከቦ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጥ ነበር። ከሰሚው ስንቱ ነው መልኩን የሚያውቀው? መልኩ ምን ያደርግለታል! በዛብህና ሰብለ ወንጌል አሉለት።

«ያ ድሮ ነው» የምትል ካለህ የቅርቡን ላምጣ። በ2008 ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የተቀዱ የቱርክ ድራማዎችን ይዞ ሲገባ፣ ከደብረ ብርሃን ሕዝብ ውስጥ የእነዚያን ተዋናዮች ስም የሰማ አንድ ሰው ነበር? ፊቱ የኢስታንቡል፣ ድምፁ የአዲስ አበባ፤ ፊትና ድምፅ እንኳ አንድ ሰው ላይ አልተገናኙም። ቢሆንም እናቶቻችን እራት አዘገዩለት። የፊልም ባለሙያዎቻችንም በጊዜው «ገበያችንን ገደለው» ብለው ጮኹ። የጮኹት ለማን ነው? ማንም ለማያውቃቸው ተዋናዮች! እንግዲህ ያልታወቀ ፊት የታወቀውን ፊት ከገበያ ካስወጣው፣ የሚስበው መታወቅ ነበር ለማለት እንዴት አፍ ይከፈታል?

ወንድማችን የሚናፍቀው «ድሮ» ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያለው ጊዜ ይመስለኛል። እርግጥ ነው፣ ያኔ ሰልፍ ነበር። «ቀዝቃዛ ወላፈን» መጣ፣ «የወንዶች ጉዳይ» መጣ፤ በአምባሳደር ደጃፍ ሰው ተኮለኮለ። ነገር ግን ያ ሰው የተሰለፈው ዕድሜውን ሙሉ የፈረንጅና የህንድ ፊልም ሲያይ ኖሮ በገዛ ቋንቋው የሚያስቅና የሚያስለቅስ ነገር በትልቁ ሸራ ላይ ስላገኘ ነው። «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያነሳው ኤች አይ ቪን ነበር፤ ያኔ ለቅሶ ያልደረሰ ማን ነበር? ተዋናዮቹ ኮከብ የተባሉት ከሰልፉ በኋላ ነው። ወንድማችን ፈረሱን ከጋሪው ኋላ አስሮ «ለምን አይሄድም?» ይላል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንዴት እንደተበላሸ ሁላችንም አይተናል። ፕሮዲዩሰሩ ድርሰቱን ትቶ ፊቱን ያዘ። በአንድ ሰሞን ያንኑ ሰው በአንደኛው ፖስተር ላይ አፍቃሪ፣ በሁለተኛው ላይ አጭበርባሪ፣ በሦስተኛው ላይ ሁለቱንም ሆኖ አገኘነው። ቦታው ሁሌ ቦሌ፣ ዕቃው ሁሌ ሶፋ። (ስለ ሶፋው ወደፊት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ሳልጽፍ አልቀርም።) ያው ፊት ማታ በተከታታይ ድራማ በነፃ ቤታችን ይገባል፤ በየመሐሉ ሳሙናና ቀለም ያስተዋውቅልናል። አበበ ባልቻን አገር ያወቀው «ሰው ለሰው» በሚለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ አስናቀን ሆኖ ሲሠራ ነው፤ በመንገድ ሲያዩት «አስናቀ!» ነው የሚሉት። የሰው ልብ የገባው እሱ ወይስ አስናቀ? ደግሞስ በነፃ ሳሎኔ ድረስ የመጣልኝን ሰው በትኬት ላየው ምን አስወጣኝ?

እዚህ ላይ ቶም ክሩዝን እንደሚጠቅሱብኝ አውቃለሁ። ይጠቀስ። በ1986 እ.ኤ.አ. የተሠራው «ቶፕ ገን» ተከታዩ በ2022 ወጥቶ ወደ 1 ቢሊዮን 500 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ አስገብቷል። ነገር ግን ይኸ ፊልም በ2020 ሊወጣ ታቅዶ ኮሮና ሲመጣ ሰውየው «በየቤቱ በኢንተርኔት አይለቀቅም፣ ሲኒማ ቤት እስኪከፈት ይቆይ» ብሎ ሁለት ዓመት አስጠበቀ። ፊቱን አላረከሰውም፤ አዳራሹን አከበረ፣ አዳራሹም አከበረው። የእኛዎቹ ኮከቦች ይህን ያድርጉና ያኔ እንነጋገር።

አሁን ወደራሳችን ደጅ። «ሰው በአንድነት ተቀምጦ ማየት ትቷል፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ነው» የሚለውን ወሬ የሚያምን ካለ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በደብረ ብርሃን ወደ አንዱ ዲኤስቲቪ ቤት ጎራ ይበል። በዚያ ብርድ ብር ከፍሎ፣ ጠባብ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ፣ አርሰናል ሲያገባ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚተቃቀፈው ማነው? እኛው ነን። ያው ጨዋታ ስልካችን ላይ ይገኛል እኮ! የምንከፍለው አብሮ ለመጮህ ነው። እንግዲህ የመሰብሰብ ፍቅሩ አለ፤ ኪሱም፣ ቢሳሳም፣ ይፈታል። የጠፋው የሚሰበሰቡበት ነገር ነው። ፊልምማ ከሱቅ በፍላሽ ይጫናል፣ በቴሌግራም ይወርዳል፤ ብቻችንን ጋቢ ተከናንበን አይተን ግማሹ ላይ እንተኛለን።

የጊዜውን ክፋትም አልረሳሁትም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ማምሻ የሚባለው ነገር ተሸራርፏል፤ ሰው በጊዜ ቤቱ መግባት ለምዷል። እንዲህ ያለውን ሰው ከቤቱ ለማውጣት የአንድ መልከ መልካም ፎቶግራፍ ይበቃል? አይበቃም። የራሱ ነገር ሲጠራው ግን ይወጣል።

የራሱ ነገር ስል ምን ማለቴ ነው? ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲቀርጽ ያሠራው የትወና ሙያ የሌላቸውን ሰዎች፣ ገበሬዎችን ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ኮከብ የሚባል በደጁ አላለፈም። በ1976 እ.ኤ.አ. ወጥቶ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፈረንጆች ለትውልድ ይቆይ ብለው በክብር አደሱት። እኛ ዘንድ ስንቶቻችን አይተነዋል? በ2001 አዲስ አበባ የታየው «ጤዛ»ም ቢሆን፣ ሰው የሄደው አሮን አረፈን ፍለጋ አልነበረም። የቀይ ሽብርን ዘመን፣ የራሱን ቤት ቁስል ሊያይ ነው የሄደው።

ከዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላችሁ አንኮበር ገደሉ አፋፍ ላይ ቁሙ። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የተቀመጡበት ጉብታ ከፊታችሁ አለ። ሽቅብ የመጣው የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. የሣህለ ሥላሴን ደጅ የጠናው እዚያው ነው። ከሥሩ አልዩ አምባ፣ ጨውና ቡና፣ ሰው ሳይቀር የተሸጠበት ገበያ። ይኸንን ትቶ ለስንተኛ ጊዜ ስለ ቦሌ ሶፋ ፊልም የሚሠራ ሰው፣ ተመልካች ቀረብኝ ብሎ ኮከብ ላይ ቢያሳብብ ማን ይሰማዋል?

ተቃውሜ ብቻ አልቀርም። የግቢያችን አዳራሽ ከስብሰባና ከምረቃ ውጭ ተቆልፎ ይውላል። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሳይመሽ፣ ይከፈትልን። ፕሮጀክተር አለ፣ አንሶላም አይጠፋም፤ መግቢያው የአንድ ሻይ ዋጋ ይሁን። ለመጀመሪያው ቀን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን አቀርባለሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ስለሆነ ጋቢ፣ የመንዝ ልጆች ደግሞ በርኖስ ይዛችሁ ኑ። ወንድማችን ትኬት ቆራጭ ሆኖ በሩ ላይ ይቁምና፣ ከሚገባው ሰው ስንቱ «ማን ነው የሚሠራበት?» ብሎ እንደሚጠይቅ ቆጥሮ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።